ከቱቦው በላይ፣ ከቱቦው በታች

«ይሄ ሊሆን አይችልም» አለች ልጅቷ፣ ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ ሳታነሳ።

ቅጠሉ ላይ ነጫጭ የፈንገስ ክሮች አድርተዋል። ሥጋው ተበልቶ ጅማቶቹ ብቻ ቀርተዋል። ከረጢቱ ላይ የታሰረው ምልክት ግን «ከቱቦው በታች» ይላል። የጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካው ፍሳሹን በሚለቅበት፣ ውሃው በሚሞቅበትና በሚከረፋበት ቦታ ይህ ሁሉ ፈንገስ ከየት መጣ? «ከቱቦው በላይ» የሚለውን ከረጢት ፈታች። ቅጠሉ ትናንት የረገፈ ይመስላል።

የወንዝ ፈንገስ ቀዝቃዛ፣ ንጹሕና አየር የጠገበ ወራጅ ውሃ ይወዳል። የወደቀ ቅጠል አለስልሶ ለትንንሽ ነፍሳት ምግብ የሚያደርገው እሱ ነው። ውሃው ሲመረዝ ፈንገሱ ይጠፋል፤ ቅጠሉም ሳይበሰብስ ይከርማል። ይህን በትምህርት ቤቱ የሳይንስ ውድድር ለማሳየት ከጓደኛዋ ጋር ቅጠል የሞሉ የመረብ ከረጢቶች ከድንጋይ ጋር አስረው ወንዙ ውስጥ፣ ከቱቦው በላይና በታች በተለያየ ርቀት አስቀምጠው ነበር። ከረጢቶቹ ሲወጡ ግን እሷ አሟት ተኝታ ስለነበር ጓደኛዋ ብቻውን ሄደ።

ሁሉንም ነገር በጥድፊያ ስለሚሠራ «ሮኬት» ይሉታል። አሁን ከጀርባዋ ፖስተር እየለጠፈ ያፏጫል።

«ምልክቶቹን ነካክተሃል?»

«አስተካከልኳቸው እንጂ። ስታስሪ የተሳሳትሽ መስሎኝ ነዋ። የላይኛው በስብሶ ይገማል፣ የታችኛው ምንም አልሆነ። ንጹሕ ውሃ ቅጠል ያበሰብሳል እንዴ? ሰው እንዳይስቅብን ብዬ አቀያየርኳቸው። ምስጋናው የታለ፣ ፕሮፍ?»

«ለክፍሉ ሳስረዳ የት ነበርክ?»

«አጠገብሽ። እያዛጋሁ።»

ደሟ ፈላ። ስትናደድ ድምፅዋ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

«ሁሉንም ነው የቀየርከው?»

ሮኬት ማጅራቱን አከከ። «ግማሽ ግማሽ የበሰበሱም ነበሩ። እነሱን... በግምት።»

ፊቷን ወደ ከረጢቶቹ አዞረች።

«እሺ፣ ምን ችግር አለው? መልሱን እኮ ታውቂዋለሽ። የበሰበሰውን ላይ፣ ያልበሰበሰውን ታች ብለን እንጻፍና እንገላገል። ዳኞቹ ሳይደርሱ።»

ይበልጥ ያንገበገባት ይህ ነው። የሚለው እውነት ሊሆን ይችላል። ግማሽ የተበሉትስ? ወንዙ ከቱቦው ርቆ ሲወርድ ትንሽ እያገገመ ይሆን? ይህን ማወቅ የምትችለው ከእነሱ ነበር። አሁን ብትጽፍ የምትጽፈው የራሷን ሐሳብ ነው። የባዮሎጂ መምህሯ ደግሞ ውጤቱን ለውሃ ጽሕፈት ቤቱ አቀርበዋለሁ ብላለች። የማቅለሚያው ሰዎች አንዲት ጥያቄ ቢያነሱ ሁሉም ነገር ገደል ገባ።

«በአንተ ቤት ረድተኸኝ ሞተሃል» አለችው።

«ኧረ ተይ፣ በቅጠል ምክንያት...»

«ዝም በል።»

መቀስ አነሳችና ምልክቶቹን አንድ በአንድ ቆረጠቻቸው። ሮኬት አፉን ከፍቶ አያት፤ ሊያስቆማት ግን አልደፈረም።

መምህሯ ዳኞቹን አስከትላ ደረሰች። «እሺ፣ ምን አገኛችሁ?»

ልጅቷ ጓደኛዋን በጎን አየችው። ፊቱ አመድ መስሏል። ስሙ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር።

«ውጤት የለንም፣ ቲቸር» አለች። «ከረጢቶቹ ተቀላቅለውብናል። እንደገና እንሠራዋለን።»

አንደኛው ዳኛ ራሱን ነቀነቀና ወደ ቀጣዩ ጠረጴዛ አለፈ። መምህሯ ጥቂት ቆማ አየቻቸውና ተከተለችው።

«ፕሮፍ...» አለ ሮኬት ቀስ ብሎ።

«ቅዳሜ ጠዋት ቦት ጫማህን ይዘህ ወንዙ ጋ ና» አለችው፣ ቅጠሉን ያራገፈቻቸውን መረቦች ቦርሳዋ ውስጥ እየጠቀጠቀች። «ፈገግ አትበል። አልታረቅንም።»