የዶክተር ኤሚሊ ድምፅ

አዛን ሲሰማ አዳራሹ በሙሉ ጸጥ አለ።

የቢሮው ደንብ ነው። እዚህ የፓኪስታኗ ካራቺ ውስጥ ተደርድረው የተቀመጡት ስልከኞች በአሜሪካዊ ስም እየተጠሩ፣ በአፍንጫቸው እያወሩ፣ የትም የሌለ ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ይሸጣሉ። «ዶክተር ነኝ» ባዩ ካለበት ክፍል የመስጊድ ጥሪ ከተሰማ ገዢው ይባንናል። ስለዚህ ጥሪው ሲጀምር ሁሉም ማይኩን ይዘጋል። ሴቶቹ ሻሻቸውን በማዳመጫው ላይ ይደርባሉ። የበሩ ዘበኛም ለሶላት ይሄዳል።

ሌባ ከዚህ የተመቸ ሰዓት አያገኝም።

ታውቂር ከወንበሩ ተነሳ። እዚህ ዳኒሽ ይባላል፤ በስልክ ዶክተር ማርቲን፣ ለላከው የምርመራ ክፍል ደግሞ «ድንቢጥ»። በጸሎት ሰዓት መስረቁ አሳፍሮታል። ከዚህ የባሰ የሚያሳፍረው ግን መሸጡን እየወደደው መምጣቱ ነው።

ሻጉፍታ የመጠጥ ውሃው ዘንድ ቆማ ጠበቀችው። የቡድኑ አለቃ ናት፤ ድሮ በሴቶች ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ታስተምር ነበር። ትንሽ ትልቁ «ባጂ»፣ ታላቅ እህታችን ይላታል። በስልክ ግን ዶክተር ኤሚሊ ናት፤ እንደሷ አስመስሎ የሚናገር የለም።

የወረቀት ኩባያ አቀበለችው። ከሥሩ ፍላሽ ተለጥፏል።

«የስልክ ንግግሩ ሁሉ አለበት» አለች ሳታየው። «ከኤምባሲ ነው የምንደውለው እያልን ገዢዎቹን ተጨማሪ ገንዘብ ለማስከፈል ያስፈራራንበትም ጭምር።»

«ፈሩ እንዴ፣ ባጂ?»

«ብፈራስ! አረብ አገር፣ ሻርጃ ያለችው ዲግሪ የገዛችን ነርስ አልቅሳ ስትለምነኝ ስልኩን ዘግቼ ሳቅኩባት እኮ። ተማሪዎቼ ቢሰሙኝ ምን ይሉኝ ነበር?» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ያ ጋዜጠኛ ዘመድህ ስሜን አያነሳም አይደል? ልጄ ታጭታለች። እናቷ የታሰረችባትን ልጅ ማን ይወስዳታል?»

«ቃሌ ነው። ስምዎ አይነሳም።»

ጋዜጠኛ ዘመድ የለውም።

አዛኑ አበቃ። ማይኮቹ ተከፈቱ። «ሄሎ፣ ዶክተር ማርቲን ነኝ» አለ ታውቂር፤ ድምፁ ዝንፍ አላለም።

አመሻሹ ላይ ጸጉር ቤት ገባ። አጠገቡ ፊቱ በአረፋ የተሸፈነ ሰው ተቀምጧል። የስለላ አለቃው ነው፤ የምስጢር ስሙ «አጎቴ»። ጸጉር አስተካካዩ ሙቅ ውሃ ሊያመጣ ዞር ሲል ፍላሹ በፎጣ ተጠቅልሎ ተሻገረ።

«የማን ድምፅ ነው?»

«የዋናዋ ሻጭ። ግን ሴትዮዋ የኛ ናት ጌታዬ። ያለሷ ባዶ እጄን ነበርኩ። ቃል ገብቼላታለሁ።»

«ባለቤቱን እንጂ እሷን ማን ፈለጋት! ነገ ከሰዓት እንገባለን። ከእኔና ካንተ በቀር የሚያውቅ የለም።»

ነገ የሻጉፍታ የዕረፍት ቀን ነው። ታውቂር እፎይ አለ።

ቤቱ ሳይደርስ ደወለች።

«ዘመድህን አገኘኸው? ምነው ድምፅህ?»

ከእሷ ጋር ማውራት ከብዶታል። «ሆዴን አሞኝ ነው፣ ባጂ» ብሎ ዘጋው።

ይሄኔ ነው የተሳሳተው። የካራቺ ልጅ ሆኖ ለባጂ ሆዴን አመመኝ ይባላል?

በማግስቱ፣ ሰዓቱ ሲቃረብ፣ ሻጉፍታ የምሳ ዕቃ አንጠልጥላ ቢሮው ከች አለች። ሩዝና ምስር አብሮ የተቀቀለ ኪችሪ፣ ለታመመ ሆድ።

«ቤትህን ስለማላውቀው ነው እዚህ ያመጣሁት። ብላ።»

«ባጂ፣ ይሂዱ! አሁኑኑ ይሂዱ!»

«ሳትበላ? አንተ ልጅ አትነጅሰኝ! ማንኪያውን ያዝ።»

ክንዷን ይዞ ወደ በሩ ገፋት። እሷ ሳቀች።

በሩ ተሰበረ።

ፖሊሶች ገቡ። ካሜራ ተከተላቸው። «እጅ ወደ ላይ! ስልክ እንዳትነኩ!» የባለቤቱ ክፍል ተከፈተ። ባዶ ነው። ሰውዬው ጠዋት ዱባይ ገብቷል።

አጎቴ መጣና ታውቂርን ከግድግዳ አጣብቆ መፈተሽ ጀመረ። በጆሮው አንሾካሾከ።

«ሳትዞር ስማኝ። ለቴሌቪዥን ፊት ያስፈልጋል። ድምፁ የሷ ነው።»

«እሷን ማን ፈለጋት ብለውኝ አልነበር? ለባለቤቱስ ማን ነገረው?»

«ሥራህን ጨርሰሃል፤ ሌላው አያገባህም። ባትመጣም ቤቷ መኪና ልኬ ነበር።»

ከእኔና ካንተ በቀር የሚያውቅ የለም ብሎት ነበር። ታውቂር አልነገረም። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። ለሻጉፍታ ግን ፈረሱ ራሱ ነው፤ ይህን ሲያስብ ፊቱ ጋለ።

«ሻጉፍታ ናዝ!» ተባለ። «ዶክተር ኤሚሊ!»

ካሜራው ዞረባት። ሻሿን ወደ ፊቷ ሳበች፤ አንዱ ፖሊስ መልሶ ገፈፈው።

አላለቀሰችም። ዓይኗ ታውቂርን ፈለገና እዚያ ግድግዳ ላይ አገኘው።

«ጌታዬ፣ ያንን ልጅ ይተዉት» አለች። «አዲስ ነው። መዋሸትም አያውቅ፤ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ደግሞ አሞታል።»

አጎቴ ትንሽ ያሰበ መሰለ። «ሂድ፣ ጥፋ ከዚህ!»

አንድ ቃል በቂ ነበር። ማስረጃውን የሰጠችን እሷ ናት ቢል ካሜራው ፊት ነው፤ ማንም ሊክደው አይችልም። ድንቢጥ ግን በዚያው ያከትማል፤ ከእንግዲህ የትም አይላክም።

አፉን ከፈተ።

«አላህ ይስጥልኝ፣ ባጂ» አለና ወጣ።

ዛሬ በሌላ ከተማ፣ በሌላ ቢሮ ተቀምጧል። አዲሱን ስሙን ሲጠሩት ፈጥኖ አቤት ይላል፤ ቀና ብሎ ግን የጠራውን ሰው አያይም።