አንገተ ረጅሙ ስታንድ

«እጅሽን አውርጂው እንጂ። ዛሬ አያስፈልግም» አለች ኪንሲ።

ሙልኪ እጇን መዘርጋቷ እንኳ አልታወቃትም ነበር። ኪንሲ ስልክ ካነሳች የሙልኪ እጅ ይዘረጋል፤ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነው። ኪንሲ ሂና ትስላለች፣ ሙልኪ ስልኩን ይዛ ትቀርጻለች። ዛሬ ግን ስልኩ በእጇ አጠገብ አልፎ ሄደና የሻይ ጠረጴዛውን ጠርዝ ነክሶ በቆመ ጥቁር ነገር ላይ ተሰካ። ስታንድ ነው። አንገቱ ረጅም፣ እንደፈለጉት የሚታጠፍ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ስልክ የሚቆነጥጥ መያዣ ያለው።

«ሆዮ ናት ከታይዋን ያመጣችው» አለች ኪንሲ።

ሆዮ የምትላት እናቷን ሸምሶን ነው። ሸምሶ ታይዋን በሚባለው የድሬ ገበያ ልብስ ትሸጣለች። ጅቡቲ ካለችው እህቷ ጋር በቪዲዮ ስታወራ ስልኩን ይዛ እየቆየች የእጅ አንጓዋን አመማትና፣ ስታንዱን አልጋዬ አጠገብ አቆመዋለሁ ብላ ገዛችው። ቀን ቀን ኪንሲ ትጠቀምበት ተብሏል። ስልኩም የሸምሶ ነው፤ የአስር ሶላት እስኪደርስ ፈቅዳለች። ከወደቀ ግን ሂናውም ቪዲዮውም በዚያው ያበቃል ብላለች። ሸምሶ ደግሞ ያለችውን የምታደርግ ሴት ናት።

«አሁን አንቺም ታርፊያለሽ» አለች ኪንሲ። «አንቺንም እስልሻለሁ። ሁሌ ስልክ እንደያዝሽ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳልስልሽ።»

«አልፈልግም» አለች ሙልኪ።

ኪንሲ ደግማ አልጠየቀቻትም። ዓይኗ ስታንዱ ላይ ነበር። አንገቱን ልክ እንደ ድመት ስትደባብሰው ሙልኪ አየችና ፊቷን አዞረች። በሰው ቢሆን ያለ ነው። ኪንሲ ሌላ ጓደኛ ብትይዝ ሙልኪ ታኮርፋለች፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። ስታንድን ግን እንዴት አድርገው ያኮርፉታል?

ስልክ መያዝ ለማያውቀው ቀላል ይመስለዋል። ክንድ ይዝላል። ትንፋሽን ካልያዙት ምስሉ ይንቀጠቀጣል። የድሬ ሙቀት ደግሞ መዳፍን በላብ ያሟልጨዋል። ሙልኪ ይህን ሁሉ ለምዳዋለች። ትምህርት ቤት «የኪንሲ ካሜራማን» ነው የሚሏት፤ ሲሏት ደስ ይላታል። መሳል አይሆንላትም። አንድ ጊዜ ሞክራ አበባው ሸረሪት ሆኖባት ትታዋለች። እና በየሳምንቱ እዚህ ቤት የምትመጣው ስለምታስፈልግ ነው፤ እሷ የሚመስላት እንደዚያ ነው። ካላስፈለገች ምን ብላ ትመጣለች?

የግቢው በር ተንኳኳ። ዛሬ የምትሳለው ሳቢሪን ናት። ኪንሲ ከፍታላት፣ በዚያውም ሂናውን በላስቲክ ጠቅልላ ልትመጣ ተነሳች።

«እስክመጣ ስታንዱን ሞክሪው፣ በደንብ ይይዝ እንደሆነ። አንቺ ታውቂበታለሽ» ብላት ወጣች።

ታውቂበታለሽ መባሏ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። አላላትም። የሚተካትን ዕቃ እሷው ፈትና ታሳልፈው እንዴ?

ሞከረችው፤ የሞከረችው ግን እንዲወድቅላት ነው። ጠረጴዛውን ነቀነቀች። ስታንዱ ንቅንቅ አላለም። አንገቱን አጠፈችው፣ ዘረጋችው፣ ወደ ጎን ጠመዘዘችው። ባስቀመጠችው ቦታ ይቀራል። አይ፣ ይሄ ነገር ጎበዝ ነው አለች በልቧ፣ ብስጭት ብላ። በመጨረሻ ለሂና ሥራ እንደሚፈለገው ስልኩን ፊቱን ወደ ታች ደፋችውና መቁጠር ጀመረች። ሠላሳ ላይ መያዣው ቀስ ብሎ አዘነበለ። ሃምሳ ላይ ስልኩ ሾልኮ መዳፏ ላይ ዱብ አለ።

መያዣውን ገልብጣ አየችው። ከአንገቱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ያለችው ትንሽ ብሎን ላልታለች። በቢላ ጫፍ ሁለት ዙር ብትጠብቅ ሌላ ችግር የለበትም።

«ይሠራል?» አለች ኪንሲ ከግቢ።

ሙልኪ ስልኩን መልሳ ሰካችው። ብሎኗን ግን አልነካቻትም።

«ይሠራል።»

ሳቢሪን በዚህ ዓመት ከሁርሶ መጥታ ክፍላቸው የገባች ልጅ ናት፤ እሁድ የአክስቷ ልጅ ሰርግ አለባት። ምላሷን የማይፈራ የለም። ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ስታንዱን አየች፣ ከዚያ ሙልኪን አየች።

«አቦ ካሜራማን፣ ከሥራ ተባረርሽ እንዴ?»

«ጡረታ ወጣሁ» አለች ሙልኪ።

ሳቢሪን ሳቀች። ኪንሲም ሳቀች። የሳቢሪንስ ይሁን፤ የኪንሲ ሳቅ ነው ሙልኪን ያቆሰላት። ግድግዳው ሥር ሄዳ መጅሊሱ ፍራሽ ላይ ተቀመጠችና ክንዷን አጣምራ ማየት ጀመረች።

ሳቢሪን እጇን ጠረጴዛው ላይ በታጠፈ ፎጣ ዘረጋች። ኪንሲ መቅረጫውን ነካችና ጎንበስ ብላ ከመሀል ጣት ጀመረች። ሁለቱ ስለ ሰርጉ ያወራሉ፤ ሙሽራዋ ስንት ልብስ እንደምትቀይር፣ ማን እንደሚዘፍን። ሙልኪን ማንም ምንም አልጠየቃትም። እሷም በሆዷ ትቆጥራለች።

ቢወድቅ ምን እንደሚሆን አስቀድማ አስባዋለች። ስልኩ ፎጣው ላይ ነው የሚወድቀው፣ አይሰበርም። ኪንሲ ትደነግጣለች። ምነው አንቺ በያዝሽው ትላለች። እንዲህ ብላ ራሷን አሳምና ነበር። አርባ ላይ ስትደርስ መያዣው አዘነበለ፤ ያዘነበለው ግን ፎጣው ወዳለበት አልነበረም። ወደ ውጭ ነው፣ ባዶው ሴራሚክ ወዳለበት። ሙልኪ አየችው። አፏን ልትከፍት ፈለገች፤ ይሠራል ያለችው እሷ ናት፣ አሁን ምን ልትል ነው? አርባ አምስት። አርባ ስምንት።

ዘላ ተነሳች። ጉልበቷ ጠረጴዛውን መታው፣ ሳቢሪን ጮኸች፣ ስልኩ ግን ሴራሚኩን ሳይነካ መዳፏ ውስጥ ገባ።

ኪንሲ አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ እያለች ስልኩን ከፊትም ከኋላም አገላብጣ አየችው። ምንም አልሆነም። የሳቢሪን መሀል ጣት ላይ ያለው ቅጠል ብቻ ተጨማልቋል፤ ሳቢሪንም ሰርጉ እሁድ መሆኑን ደጋግማ አስታወሰቻቸው።

«ወላሂ አንቺ ባትኖሪ ሆዮ ትገድለኝ ነበር» አለች ኪንሲ። ስታንዱን ከጠረጴዛው ፈትታ መጅሊሱ ላይ ወረወረችው። «ሆዮ ነገ ለሻጩ ትመልሰው። አንቺው ያዢልኝ።»

ይኸው፣ የፈለገችው ሆነላት። ሙልኪ እንደ ድሮዋ ተንበርክካ ስልኩን ከሂናው በላይ ያዘች። ኪንሲ የተበላሸውን ቅጠል ጠርጋ እንደገና ትስላለች፤ እየሳለች ሙልኪን ለሳቢሪን ታመሰግናታለች። እጇ እንደማይንቀጠቀጥ፣ እንደሷ የሚይዝ እንደሌለ። ሙልኪ ግን መጅሊሱ ላይ የተወረወረውን ስታንድ ታያለች።

«ስትሞክሪው እኮ ደህና ነበር» አለች ኪንሲ፣ ቀና ሳትል። «የርካሽ ዕቃ ነገር እንዲህ ነው። ሆዮ ነገ ሻጩን አትለቀውም፣ ታዪያለሽ።»

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ሻጩ ይሰደባል፣ ስታንዱ ይመለሳል፣ ሸምሶ አንጓዋን እያሻሸች ታወራለች፣ ሙልኪ ደግሞ በየሳምንቱ እየመጣች ስልክ ትይዛለች። በቃ። ማንም አይጎዳም ለማለት ሞከረች። የሸምሶ አንጓ ግን ከሐሳቧ አልወጣ አለ።

ስልኩን ፎጣው ላይ አስቀመጠችው።

«ምን ሆንሽ፣ ደከመሽ?» አለች ኪንሲ።

ሙልኪ ማድ ቤት ገብታ ትንሿን ቢላ አመጣች። ስታንዱን ጭኗ ላይ አጋድማ ብሎኗን አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር አጠበቀቻት። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ መልሳ አቆመችው፣ ስልኩን ደፍታ ሰካችውና ጮክ ብላ እስከ ስድሳ ቆጠረች። ሌላም ሃያ ጨመረች። መያዣው አላዘነበለም።

«እንዴት አወቅሽው?» አለች ኪንሲ።

አሁን ነው ያየሁት የሚለው መልስ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ማንም ያምናታል።

«ቅድም አይቼው ነበር። ይሠራል ያልኩሽ ውሸቴን ነው።»

«ወይ ጉድ» አለች ሳቢሪን። «በብረት ቀናሽ?»

በዚህ አንድም ሰው አልሳቀም።

«አዎ» አለች ሙልኪ።

ኪንሲ ሂናውን አስቀመጠች። ፊቷ ተለዋውጧል። ሙልኪን አይደለም የምታየው፣ ስልኩን ነው።

«የሆዮ ስልክ ነው እኮ» አለች በቀስታ። ብትጮህባት ይሻል ነበር። «እዚያ ቁጭ ብለሽ ታዪ ነበር? እኔ ምንም ሳላውቅ?»

ሙልኪ ራሷን ነቀነቀች፣ አዎ ብላ።

ሙልኪ የመሄጃ ሰበብ ሞልቷታል፤ የቤት ሥራ አለባት፣ እናቷም ገበያ ልትልካት ትችላለች። ድሮም ስትጣላ ቀድማ የምትሄደው እሷ ናት። ሄዳ እስኪለምኗት ትጠብቃለች።

«አሁንስ ይይዛል?» አለች ኪንሲ። «ወይስ ይሄም ውሸት ነው?»

«ይይዛል።»

ኪንሲ መቅረጫውን ነካች፣ ሂናውን አነሳች፣ ጀርባዋን ለሙልኪ ሰጥታ ወደ ቀለበት ጣቱ አለፈች። ስለ ሰርጉ ያወራ የለም። ከከዚራ ሰፈር በኩል የባጃጅ ጥሩንባ ይሰማል። ሙልኪ መጅሊሱ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የኪንሲን ጀርባ አየች፣ ላብ ልብሷን ከትከሻዋ ጋር አጣብቆታል።

ቀለበት ጣቱን ስትጨርስ፣ ዞር ሳትል፣ ኪንሲ ተናገረች።

«ቬንቲሌተሩን ወደዚህ አዙሪው። ሞቀኝ።»

ሙልኪ ተነስታ አዞረችው። ቬንቲሌተሩ በሩ ጋ ነው፣ ጫማዋም እዚያው ነው። ጫማውን አየችው። ተመለሰችና ተቀመጠች።