ደረቆቹ ካንዴላዎች

ሟቹ በራሱ የጭነት መኪናና በግቢው ግንብ መሃል ተጣብቆ የተገኘው ማታ አንድ ሰዓት ላይ ነበር። በማግስቱ ጠዋት መርማሪዋ ስትደርስ አስከሬኑ ተነስቷል፤ የግቢው ሰውም ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል። ሹፌሩ በካቴና ታስሮ በሩ ጋ ቆሟል፤ የሟቹ ሚስት ፊቱ ላይ ትተፋበታለች።

«እማ፣ እኔ አይደለሁም…»

«እማ አትበለኝ! ባሌ ከመንገድ አንስቶ አሳደገህ፣ ሹፌር አደረገህ፤ አንተ እባብ!»

ምራቁን እንኳ የሚጠርግበት እጅ አልነበረውም።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ስለቀጠነች ሳይሆን ስለምትወጋ ነው። የሹፌር ልጅ ናት። ተጠቅልሎና ታስሮ የሚቀርብላት ጥፋተኛ አይዋጥላትም።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ውሰጂውና ወንድሜን እንቅበር!» አላት የሟቹ ታናሽ ወንድም። ቀኝ እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«እኔ አንቺ የምባለው እናቴ ቤት ነው። ማስረጃዎን ይንገሩኝ።»

ወንድምየው የክብሪት ቀፎ የምታህል ጥቁር መሰኪያ አወጣ። «ከሹፌሩ ወንበር ሥር አገኘኋት። ሞተሩ ዘይት እንዳይበላ የተሰካችውን ይህችን ነቅሎ ነው ሁለት ቀን ሙሉ የነዳው። የሞተሩን ዘይት ይለኩት፤ ግማሹ የለም! ወንድሜ ሲቆጣው፣ ወደኋላ ነድቶ ከግንቡ ጋር አጣበቀው።»

መርፌ ራሷ ለካች። እውነትም ዘይቱ ጎድሏል።

«መሰኪያዋ ቦታዋ ላይ ነበረች» አለ ሹፌሩ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ። «አባባ እንደ ልማዳቸው ዘይቱን ራሳቸው ለኩ፤ ሙሉ ነው ብለው ቁልፉን ተቀበሉኝ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ቤቴ ሄድኩ።»

«ቅጥፈት!» ጮኸች ሚስትየው። «ባለፈው እሁድ ባሌ ‹መኪናውን የማስረክበው ለዚህ ልጅ ነው› አለ። ወንድሙ ሳህኑን ገፍቶ ወጣ፤ ባሌ ግን ቃሉን አላጠፈም። ውለታው ይኸው!»

መርፌ ሴትዮዋን ትክ ብላ አየቻት። መኪናውን ሊሰጠው ያለውን ሰው ልጁ ምን ቆርጦት ይገድላል?

መሰኪያዋን የሰካው መካኒክ ተጠራ። እሱም እንደ ተቆጣ ነው የመጣው።

«ሞተሩን ነካካህ ብላችሁ እኔንም ልታስሩኝ ነው?»

«ካጠፉ አዎ። ይህች ዕቃ ምን ትሠራለች?»

«ይሄ የቤንዚን ሞተር ስምንት ሲሊንደር አለው። ጭነቱ ቀሎለት ሜዳ ላይ ሲሄድ ቤንዚን ቆጣቢ ነኝ ብሎ አራቱን ያስተኛቸዋል። የተኙት ደግሞ ዘይት ይስባሉ። የቤንዚኑን ቁጠባ ዘይቱ ይበላዋል ማለት ነው! ይህችን ከመሪው ሥር ስሰካት ስምንቱም ሳይተኙ ይውላሉ። ከዚያ ወዲህ ዘይት ጎደለ የሚል ወሬ አልሰማሁም።»

«ተነቅላ ሁለት ቀን ቢነዳስ?»

«በተኙት አራቱ ውስጥ ቤንዚኑን የሚለኩሰው ካንዴላ በዘይት ይርሳል፤ ይጠቁራል። ካንዴላ አይዋሽም።»

«እንግዲያው ስምንቱንም ፍቱልኝ።»

እሱ ሲፈታ መርፌ በጀርባዋ ተኝታ ከሞተሩ ሥር ገባች። ከታች ሁሉም ነገር አቧራ ለብሷል፤ የዘይት ማፍሰሻው ብሎን ዙሪያ ብቻ በዘይት ታጥቦ ያብረቀርቃል። የብሎኑ ጠርዝ በማይመጥነው መፍቻ ተላልጧል። መካኒኩም ጎንበስ ብሎ አየና፣ «ኧረ ይሄ የኔ እጅ አይደለም! የጀማሪ ሥራ ነው» አለ በንቀት።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም መኪናው ፊት ሰበሰበቻቸው። ስምንቱ ካንዴላዎች ጨርቅ ላይ ተደርድረዋል።

«እዩዋቸው። ስምንቱም ደረቅ፣ ስምንቱም አንድ ዓይነት ናቸው። ስለዚህ መሰኪያዋ በጉዞው ሁሉ ቦታዋ ላይ ነበረች፤ የተነቀለችው መኪናው ከገባ በኋላ ነው። ዘይቱንም ሞተሩ አልጠጣውም፤ ሰው ነው ያፈሰሰው፣ ልጁን ለማስበላት። መካኒኩ ቢሆን ካንዴላዎቹ እንደሚያጋልጡት ያውቃል፤ ብሎንም እንዲህ አይልጥም።» ወደ ወንድምየው ዞረች። «እጅዎን ምን አገኘው?»

«ትናንት ጠዋት የፈላ ውሃ ፈሰሰብኝ። እሱም ወንጀል ነው?»

«ፋሻውን ይፍቱት።»

አልፈታም ብሎ ተሳደበ፤ ፖሊሶቹ ይዘው ፈቱት። ቃጠሎው ከመዳፉ ተነስቶ በክንዱ ውስጠኛ በኩል እስከ ክርኑ እንደ መስመር ወርዷል።

«እጅ ላይ የተደፋ ውሃ ወደ ጣት ይወርዳል። ይሄ ግን ወደ ክርን ነው የወረደው። ተኝቶ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ብሎን የፈታ ሰው እንዲህ ይቃጠላል። ዘይቱም ትኩስ ነበር፤ መኪናው ገና ከመንገድ መግባቱ ነዋ!»

«ጠዋት ነው የተቃጠልኩት አልኩሽ እኮ!»

ያኔ ሚስትየው ቀስ ብላ ተነሳች።

«ትናንት ምሳ እኔ ቤት ነው የበላኸው። በዚያው እጅህ። ደህና ነበር።»



«ቁልፉ ሟቹ ጋ ነበር» አለች መርፌ። «መኪናውን ወደኋላ አስጠግተህ አቁምልኝ ብሎ ለወንድሙ ሰጠው። ራሱ ከኋላ ቆሞ ‹ና፣ ና› ይለው ነበር፤ ወንድሙ ግን አልቆመም።»

«የሥጋ ወንድሙ እያለሁ ለመንገድ ልጅ!» ብሎ ጮኸ ወንድምየው። «እኔ ምኑ ነበርኩ? ምኑ?»

ካቴናው ከሹፌሩ እጅ ወልቆ እሱ እጅ ገባ።

ሹፌሩ መጀመሪያ ያደረገው ፊቱን በእጅጌው መጥረግ ነበር። መካኒኩ ካንዴላዎቹን መልሶ አሰረ፤ ዘይቱን ሞላ። ሹፌሩ ጋቢና ገብቶ መሰኪያዋን ሰካ፤ ሞተሩን አስነሳና ስምንቱም እኩል እስኪመቱ አዳመጠ። ከዚያ አጥፍቶ ወረደ።

«ልጄ…» አለች ሚስትየው እጇን ዘርግታ። «ልጄ፣ ይቅር በለኝ።»

የተዘረጋው መዳፏ ላይ ቁልፉን አስቀመጠላት።

«ዘይት አይጎድለውም፣ እትዬ» አላት። የግቢውን በር ከፍቶ ወጣ።