የወይዘሮ ኦቲሊያ አምስት ኮከብ

«ሦስት ብቻ ቀርቷል ብለሽ ጻፊ» አለ ወንድሟ ኤይደር።

ዩራኒስ ቀና ብላ ካርቶኖቹን አየች። ከወለሉ እስከ ጣሪያው ተደርድረው የመስኮቱን ግማሽ ጋርደዋል፤ እናቷ እንኳ ወደ ጓዳ የምትገባው በጎን እየተሹለከለከች ነው። በእያንዳንዱ ካርቶን ውስጥ አንድ የሞተር ሄልሜት አለ። ሁለት መቶ ነበሩ፤ በወር ውስጥ የተሸጡት አስራ አንድ ናቸው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

«ሦስት ነው ያልከኝ?»

«ፋራ አትሁኚ፣ ዩሪ። ሰው የሚሻማው ሊያልቅ ነው ሲባል ነው። ሰዓቱንም አድሺው።»

አደሰችው። በኢንተርኔት መሸጫ ገጻቸው አናት ላይ ያለው ቀይ ሰዓት፣ ቅናሹ ሊያበቃ ሁለት ሰዓት ቀረው ብሎ ወደ ኋላ መቁጠር ጀመረ። ትናንትም ሁለት ሰዓት ቀርቶት ነበር፤ ከትናንት ወዲያም እንዲሁ። ከሰዓቱ ስር በቀይ የተሰረዘውን «የቀድሞ ዋጋ» ደግሞ ከፍሎ የሚያውቅ ሰው የለም።

ዩራኒስ አስራ አራት ዓመቷ ነው። ድርሰት ላይ ከክፍሏ የሚደርስባት ስለሌለ፣ የገዢ አስተያየት እየፈጠሩ መጻፉ የእሷ ድርሻ ሆነ። ዘዴው የገባት ቶሎ ነው። ሁሉም አምስት ኮከብ ከሰጠ ሰው ይጠረጥራል፤ ስለዚህ አንዱን «ዕቃው ግሩም ነው፣ ግን አንድ ቀን ዘግይቶ ደረሰኝ» ታሰኘውና አራት ታሰጠዋለች። ሌላውን ሆን ብላ ፊደል ታሳስተዋለች። ከሁሉም የኮራችው ግን በፈጠረቻት በወይዘሮ ኦቲሊያ ነበር። የኦቲሊያ ባል ዝናብ በጣለ ቀን፣ ከገበያው በታች መንገዱን ወንዝ የሚያደርገው ጎርፍ ከነሞተሩ ወሰደው፤ ጭንቅላቱ ከመንገዱ ጠርዝ ድንጋይ ጋር ተላተመ፤ ለሄልሜቱ ምስጋና ይግባውና ጭረት ሳይነካው ተነሳ። በከተማቸው በባራንኪያ ያን ጎርፍ የማያውቅ የለም። ኤይደር ያነበበው ዕለት «ቀሽት ነሽ!» ብሎ ግንባሯን ስሟት ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። አንዲት ሴት ከኦቲሊያ አስተያየት ስር ጥያቄ ጽፋለች።

«ወይዘሮ ኦቲሊያ፣ ስላስቸገርኩዎ ይቅርታ። ብሪሴይዳ እባላለሁ። ልጄ ሰኞ በሞተር ምግብ ማድረስ ይጀምራል። ያን ጎርፍ አውቀዋለሁ፤ አባቱ እዚያው ነው የቀረብኝ። ማስታወቂያ አላምንም፣ እርስዎን ግን አምናለሁ። ሄልሜቱ እውነት ያድናል? ሰዓቱ እያለቀብኝ ነው፣ ቶሎ ይመልሱልኝ።»

ዩራኒስ ያድናል ወይ ብላ ራሷን አንድ ቀን ጠይቃ አታውቅም። አንዱን ካርቶን ቀደደች፤ ሄልሜቱን ይዛ ወንበር ላይ ወጣችና ወደ ሲሚንቶው ለቀቀችው። እንደ ቅል ለሁለት ተከፈለ። ውስጡ ስስ ስፖንጅ ብቻ ነበር።

ኤይደር ድምፁን ሰምቶ እየሮጠ ገባ። «አበድሽ እንዴ? ምን እየሠራሽ ነው?»

ስልኩን ሰጠችው። ሁለት ጊዜ አነበበውና ካርቶን ላይ ተቀመጠ።

«አዎ በያት» አለ፣ ፊቷን ሳያይ።

«አየኸው እኮ፣ ኤይደር! ከወንበር ነው የወደቀው!»

«አየሁት! ታዲያ ምን ላድርግ? ሞተሬን ሸጬ ነው ያመጣኋቸው። እማዬ በዚህ ፀሐይ መንገድ ዳር አሬፓ የሚባለውን የበቆሎ ቂጣ ጠብሳ በምትሸጠው ነው የምንበላው። መልሱን ሁሉም ሰው ያየዋል፤ ከዚያ በኋላ ማን ከኛ ይገዛል?» ከተሰበረው ግማሹን አነሳ። «አላውቅም ነበር፣ ዩሪ። እናቴ ትሙት፣ አላውቅም ነበር። እኔም ስገዛቸው አምስት ኮከቡን አይቼ ነው።»

ተነስቶ ወደ ጓሮ ወጣ። ዩራኒስ ወንድሟ ሲያለቅስ አይታ አታውቅም፤ አሁንም ያለቀሰው ጀርባውን ሰጥቷት ነው።

ሰዓቱ አስራ ዘጠኝ ደቂቃ ይላል። ዝም ብትልስ? ዝም ማለት ውሸት አይደለም። ግን ሴትዮዋ አስራ ዘጠኙን ደቂቃ ጠብቃ፣ ፈርታ፣ እንዳያመልጣት ብላ ትገዛዋለች። ዩራኒስ ይህን አሳምራ ታውቃለች፤ ገጹን እንዲያ እንዲሆን የሠራችው ራሷ ናት። መጻፍ ጀመረች።

«ወይዘሮ ብሪሴይዳ፣ አይግዙት። ኦቲሊያ የምትባል ሴት የለችም፣ የፈጠርኳት እኔ ነኝ። አስራ አራት ዓመቴ ነው። አሁን ከወንበር ላይ ጣልኩት፣ ተሰበረ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ላከችው። ስድብ ጠበቀች፤ የሚገባት እሱ ነበር። ከብዙ ደቂቃ በኋላ ስልኩ ጮኸ።

«እና የትኛውን ልግዛለት፣ ልጄ?»

ደጋግማ አነበበችው። ያን ሁሉ ከሰማች በኋላም ሴትዮዋ የምትጠይቀው እሷኑ ነው። ዩራኒስ ስለ ሄልሜት አንድም የምታውቀው ነገር አልነበራትም። በዚህ ቤት የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ አለ፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ሞተር ላይ የኖረ።

ኤይደር ጓሮ፣ የውሃው በርሜል አጠገብ ግንባሩን ጉልበቱ ላይ ደፍቶ ተቀምጧል።

«ላክሽው?»

«ላክሁት።»

አጠገቡ ተቀመጠችና ስልኩን ፊቱ አኖረችለት። የብሪሴይዳን ጥያቄ አነበበ።

«ስንት ዓመቱ ነው ልጁ?»

«አልጠየቅኋትም።»

«ጠይቂያት» አለ፣ አፍንጫውን በእጁ ጀርባ እየጠረገ። «የጭንቅላቱን ዙሪያ በሜትር ትለካው፤ ከቅንድቡ ከፍ አድርጋ። በይ ጻፊ፣ የቀረውን እነግርሻለሁ።»