ባለ አንድ መስመር ማስረጃ

ላልቀራችሁበት ቀን የቀራችሁበትን ምክንያት አምጡ ብትባሉ ምን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ? የሐኪም ወረቀት? የትኛው ሐኪም፣ ለየትኛው ሕመም ይጽፍላችኋል?

ደወል ማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ቆማ ይህንኑ ነበር የምታስበው። «ደወል» ያሏት ሁልጊዜ ከደወሉ ቀድማ ስለምትገኝ ነው። ጥበቃው በሩን ከፍቶ ሳይጨርስ ሾልካ የምትገባ ልጅ ናት። ሰሌዳው ላይ ግን «ከአስር ቀን በላይ የቀሩና ለፈተና የማይቀመጡ» ከሚለው ርዕስ ሥር አስራ አራት የመታወቂያ ቁጥሮች ተደርድረዋል። አንዱ የእሷ ነው። 322፣ አስራ አንድ ቀን።

«አባቴ ትናንት ቴሌግራም ላይ ካየው ጀምሮ አላናገረኝም» አለች። «ቁርስ ላይ እንኳን ቀና ብሎ አላየኝም።»

አጠገቧ የቆመችው የወንበር ጓደኛዋ ብሎን ናት። ከአጎቷ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ስለማትጠፋና ኪሷ ብሎን አጥቶ ስለማያውቅ ስሙ በዚያው ቀረ። ዝርዝሩን ትታ ጎኑ የተለጠፉትን አራት ገጾች ታያለች። ከላይ በእጅ «ማስረጃ» ተብሎ ተጽፎባቸዋል። ከሥሩ ቁጥር፣ ቅንፍ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ እንደገና ቅንፍ፤ አንድም ክፍተት፣ አንድም አዲስ መስመር የለም።

የበሩ ካርድ ማንበቢያ ያወጣው ፋይል ነው። ባለፈው ዓመት ማሽኑ ንጹሕ ሠንጠረዥ ያወጣ ነበር። ዘንድሮ ሠንጠረዥ አውጪው ተበላሸ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ታዲያ ባለሙያ አልጠሩም። ጥሬውን ፋይል አተሙት፣ ቢጫ ማድመቂያ አነሱ፣ ሦስት መቶ ዘጠና ልጅ በአንድ ትንፋሽ የተጻፈበትን መስመር በዓይናቸው ለቀሙት። ከዚያ ማንም እንዳይከራከራቸው ፋይሉን ከዝርዝሩ ጋር በቴሌግራም ለወላጆች ላኩት። ማንም እንደማያነበው እየታወቀ የሚለጠፍ ወረቀት ማስረጃ አይደለም፤ ዛቻ ነው።

«ቲቸር፣ እኔ አንድም ቀን አልቀረሁም» አለች ደወል፣ ምክትሉ በዚያ ሲያልፉ።

«ማሽን ይዋሻል? ማሽኑ ካንቺ ጋር ምን ጠብ አለው?»

«አልቀረሁም እኮ!»

«እስከ ዓርብ ወላጅሽ ምክንያቱን ይዞ ይምጣ። ፈተናው ሰኞ ነው።» ሄዱ።

ብሎን ወደ ደወል ዞረች። «ፋይሉን ላኪልኝ» አለች። «አሁኑኑ።»

ከሰዓት በኋላ አጎቷ ሱቅ ገብታ፣ የተፈታታ ላፕቶፕ ገፋ አድርጋ ተቀመጠች። አጎቷ ብየዳውን ሳያቆም አንገቱን አሰገገ።

«ጄሰን የሚሉት የፋይል ዓይነት ነው» አለ። «ማሽን ለማሽን የሚጽፈው ደብዳቤ። በዓይን አነባለሁ ያለ ጀግና ማነው?»

«ምክትላችን።»

«እግዜር ያጽናው።»

ብሎን ጥቁሩን መስኮት ከፈተች። ማውስ የለ፣ ሥዕል የለ፤ ትእዛዝ መጻፊያ ብቻ። ጄሰንን በየመስመሩ የምትዘረዝረውን ጄኪው የምትባል ትንሽ ትእዛዝ ጻፈች፣ ከኋላዋ ክፍተት፣ ነጥብ፣ ከዚያም የፋይሉን ስም። «ኢንተር» የሚለውን ቁልፍ መታች።

ያ ታፍኖ የኖረ መስመር ተፈታ። ቅንፎቹ ተለያዩ፣ እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ቤት አገኘ፣ በቤቱ ውስጥ ሁለት መስመር ገባ ገባ ብለው ተቀመጡ። ከላይ የቀረበት ቀን ብዛት፣ ከታች የመታወቂያ ቁጥሩ። ከላይ ቀሪው፣ ከታች ቁጥሩ። ሁሉም እንዲሁ።

«ውይ!» ብላ ዘለለች፤ ወንበሩ ተንሸራተተ። «ጋሼ፣ ና እይ! ቀሪው የሚጻፈው ከቁጥሩ በፊት ነው! እሳቸው ቁጥሩን አዩና ቀጥሎ ያለውን አነበቡ። ቀጥሎ ያለው ደግሞ የሚቀጥለው ልጅ ቀሪ ነው። ሁሉንም በአንድ ልጅ አንሸራተቱት!»

322ን ፈለገች። ከላዩ የተጻፈው ዜሮ ነበር። ደወል አንድም ቀን አልቀረችም።

ከአስር ቀን በላይ የቀሩትን ብቻ ለይተህ አውጣ የሚል ሌላ ትእዛዝ ጻፈች። አስራ አራት ቁጥሮች ወረዱ፤ ከሰሌዳው ዝርዝር ጋር አንዱም አይገጥምም። እየሳቀች ወደታች አነበበች። ሳቋ ሰባተኛው ላይ ቆመ።

323። አስራ አንድ ቀን።

አጎቷ መበየጃውን አስቀመጠ። «ይሄ ያንቺ ቁጥር አይደል?»

ብሎን ቁጥሩን በጣቷ ሸፈነችው።

«ዓርብ ትምህርት የለም ብለሽኝ ነበር።»

«ዓርብ ስፖርትና ሥዕል ብቻ ነው፤ ስምም አይጠሩም…» ሳትጨርሰው ተወችው። አስራ አንድ ዓርብ፣ እዚሁ ወንበር ላይ። ደወል ይህንን ታውቃለች። ትናንትም ዛሬም ግን «የሚቀረው ሌላ ሰው ነው» የሚል አንድ ቃል ከአፏ አልወጣም።

ዝም ማለት ይቻላል። ፋይሉን ከእሷ በቀር የፈታው የለም። ሰኞ ትፈተናለች፤ እናቷም አታውቅም፤ ደወል ደግሞ ወለሉን እያየች ቤቷ ትቀመጣለች። ብሎን ይህን ሁሉ አሰበችው፤ አላሰበችውም ብዬ አልዋሻችሁም። ከዚያ ማተሚያውን አበራች።

«ጋሼ፣ ትልቅ ወረቀት አለህ?»

እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። ያንኑ ቀን አመሻሹ ላይ ስትነግራት የስፌት መኪናውን ፔዳል ለቀቀችው።

«አስራ አንድ ቀን! ዩኒፎርምሽን እያጠብኩ፣ እየተኮስኩ!»

«አውቃለሁ፣ እማ።»

«ምን ታውቂያለሽ! ማን ነገረብሽ?»

«ማንም። እኔው ነኝ ያገኘሁት።»

እናቷ ወንበሯን ወደ እሷ አዞረች። «አንቺ ራስሽ ላይ ፖሊስ ሆነሽ ነው እንዴ?» ከዚያ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «ቅጣትሽን ትቀበያለሽ፤ እኔም የራሴን እጨምርልሻለሁ። የዚያች ልጅ ቁጥር ግን ነገውኑ ከሰሌዳው ይነሳል። ሰማሽኝ?»

በማግስቱ ጠዋት ተማሪው ተሰልፏል። ምክትሉ ማይኩን ይዘው ዝርዝሩን እንደገና አነበቡና እንደልማዳቸው «ጥያቄ ያለው?» አሉ። ማንም ጠይቆ አያውቅም። ብሎን እጇን አውጥታ፣ መልስ ሳትጠብቅ ወደፊት ሄደች።

«ቲቸር፣ ማስረጃውን እንዴት እንዳነበቡት ይንገሩን።»

ሰልፉ ተንሾካሾከ። ምክትሉ ፈገግ አሉ። «ቀላል ነው። የተማሪው ቁጥር፣ ቀጥሎ የቀረበት ቀን።»

«እሺ። የመጨረሻው ተማሪ 390 ነው። ከእሱ ቁጥር ቀጥሎ ምን አለ?»

ምክትሉ በእጃቸው ካለው ቅጂ አራተኛውን ገጽ ገለጡ። ጣታቸው መጨረሻው ላይ ደርሶ ቆመ። ቅንፍ ብቻ ነበር።

«መጀመሪያው ላይስ፣ ከማንም ቁጥር በፊት የተጻፈው ሁለት ቀን የማን ነው? የሜዳው ዛፍ ነው የቀረው?»

ሳቁ ከኋላ ተነስቶ ሜዳውን ሞላው። ብሎን ወረቀቷን ዘረጋችው፤ እያንዳንዱ ልጅ በራሱ ቅንፍ፣ ከሩቅ የሚነበብ። ደወል ከሰልፉ ወጥታ ሌላኛውን ጫፍ ያዘችላት። አጥሩ ሥር አባቷ ቆሟል፤ ምክንያት ይዘህ ና ተብሎ ባዶ እጁን የመጣ ሰው። ወረቀቱን አነበበ፤ ከዚያም ልጁን ቀና ብሎ አያት።

«ብሎን! ብሎን!» አለ አንድ፤ ቀጥሎ መቶ።

ምክትሉ ማይኩን ወደ ጎን አደረጉ። «በቃ፣ በቃ። ቢሮ ነይና እንነጋገራለን።»

«አልመጣም፣ ቲቸር» አለች። «323 እኔ ነኝ። አስራ አንድ ቀን ቀርቻለሁ፤ የኔን ቁጥር አሁኑኑ ይለጥፉት። እነዚህ አስራ አራቱ ግን በሰው ቀሪ ነው የተቀጡት። የከሰሷቸው በማይክ ነው፣ ሁላችንም ፊት ነው። ዝርዝሩን ያነሳሉ ወይስ አያነሱም? እዚሁ፣ በማይኩ፣ ይመልሱልን!»