ከአረንጓዴዋ ጎን ያለችው ወረቀት

ፕሮፌሰሩ የሞተው ከቤተ ሙከራው ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል፣ ታጣፊ አልጋ ላይ ነው። ግራ እግሩ እስከ ጉልበቱ ጠቁሯል። ሽታው መርማሪዋን ደጃፍ ላይ ተቀበላት፤ ባልደረቦቿ ዞር ስትል «ቁንጥጫ» የሚሏት ይህች ሴት ግን አፍንጫዋን እንኳ ሳትይዝ ገባች።

«ቁስሉ ነው የገደለው፤ ምኑ ይመረመራል?» አለች የሟች ሚስት።

«እኔ ነኝ የጠራኋት» አለ የሟች ታናሽ ወንድም፣ የቀዶ ጥገና ሐኪሙ። «ባክቴሪያው መድኃኒቱን ሁሉ የተላመደ ነበር። እግሩ ይቆረጥ ብዬ ለመንኩት። ‹የአልጌዬ ጭማቂ ይጨርሰዋል፤ ሳህኑን በዓይኔ አይቻለሁ› ብሎ አባረረኝ። ወንድሜ ጅል አልነበረም። ምን አይቶ ነው?»

መርማሪዋ ወደ ቤተ ሙከራው ተሻገረች። የሟች ረዳት የእህቱ ልጅ ነበረች፤ ሳህኖቹን ደርድራ ጠበቀቻት።

«እስኪ እንደማያውቅ ሰው አስረጂኝ።»

«ከአጎቴ ቁስል የተወሰደው ባክቴሪያ ሳህኑ ላይ ይዘራል። ክብ ወረቀት ኩሬ ላይ በሚበቅለው አረንጓዴ አልጌ ጭማቂ ነክረን እላዩ ላይ እናስቀምጣለን። ጭማቂው ከገደለው፣ በወረቀቷ ዙሪያ ባዶ ቀለበት ይወጣል።»

በእርግጥም አረንጓዴዋን ወረቀት ሰፊ ቀለበት ከቧታል።

«ይቺ ነጯስ?»

«ሆስፒታል የሚሰጠው የተለመደው መድኃኒት ናት፤ ለማነጻጸሪያ። አጎቴ ያለ ማነጻጸሪያ የተሠራ ሳህን ካየ ያሽቀነጥረው ነበር። እጄ ለምዶታል።»

መርማሪዋ ሳህኑን ወደ መስኮቱ አንስታ ብዙ ቆየች። ነገር ሲፈታላት ደስ የሚላት ሴት ነበረች፤ አሁን ግን ሳህኑን ቀስ ብላ አስቀመጠችው። ሁሉንም ጠራች።

«ሟች ያየው ይህን ነው። ትኩሳት የሚያቃጥለው ሰው፣ ተስፋ የጣለባትን አረንጓዴዋን ብቻ ያያል። እናንተ ነጯን እዩ። ዙሪያዋ ምን አለ?»

ሐኪሙ ጎንበስ አለ። «ባዶ ቀለበት... ይሄማ አይሆንም! ይህ መድኃኒት እሱ ላይ ምንም አልሠራም፤ የሰጠሁት እኔው ነኝ።»

«ስለዚህ ሳህኑ ላይ ያለው ከእግሩ የወጣው ባክቴሪያ አይደለም። ማንኛውም መድኃኒት የሚጥለው ደካማ ባክቴሪያ ነው፤ አልጌውም የገደለው ለዚህ ነው። ባክቴሪያውን የቀየረው ሰው የሟች እግር እንዳይቆረጥ ፈልጓል። ሳህኑን የምትዘራውም፣ እጇ ስለለመደ ብቻ ማነጻጸሪያዋን የምታስቀምጠውም አንዲት ሴት ናት።»

የእህቱ ልጅ አልካደችም።

«እናቴም እግሯ ይቆረጥ ተብሎ ነበር። ‹አልጌዬ ያድንሻል፣ ትንሽ ታገሺ› እያለ አስተኛት። የገዛ እህቱን! መሞከሪያ ፈልጎ ነው። ስትሞት ‹ዘግይታ መጥታ ነው› አለ።» ወደ አጎቷ ሚስት ዞረች። «ደግሞ በመጨረሻ ነጯን አይቷታል። ገብቶታል። ‹ቁረጡልኝ› ብሎ ሲጮህ ‹አልጌህ ያድንሃል፣ ትንሽ ታገሥ› አልኩት።»

ሚስትየዋ መዳፏን ዘርግታ ተመለከተችው።

«‹ብለምንሽም እንዳታስቆርጪኝ› ብሎ አስምሎኝ ነበር» አለች። «ሲጮህ ትኩሳቱ የሚያስለፈልፈው መሰለኝ። አፉን በመዳፌ ያዝኩት።» ሐኪሙን ቀና ብላ አየችው። «አንተ እግሩን ልትቆርጥ ተመልሰህ በር ላይ ቆመህ ነበር። እንዳትሰማው ብዬ ነው።»

ሐኪሙ ቦርሳውን አንስቶ ወጣ።