አራት ቀን በበሽሎ

«ያዢ። ወደ ኋላ አትዪ።»

ሙእሚን ካያኩን፣ ጠባቡን የአንድ ሰው ጀልባ፣ ከታንኳዋ ጎን አስጠግቶ ውሃ የማያስገባውን ቦርሳ አቀበላት። ቀመር ከሽንኩርት ጆንያው ሥር ሸጎጠችው።

በበሽሎ ወንዝ ላይ አራተኛ ቀናቸው ነው። ጎብኚዎቹ በካያኮቻቸው ቀድመዋል፤ የስንቋ ታንኳ የመጨረሻዋ ናት። ለእነሱ እሷ ቀመር ሳትሆን አልታዬ ናት፤ መስቀል ያሰረች ምግብ አብሳይ። ለስለላ መሥሪያ ቤቷ ደግሞ «ሽመላ»። ትእዛዙ አጭር ነበር። ከመካነ ሰላም አካባቢ የተሰረቀ፣ በእጅ የተጻፈ ቁርኣን በወንዙ ሊወጣ ነው። ሌባው መንገድ መሪው ሙእሚን ነው። የት እንደደበቀው አሳውቂ።

ዛሬ ጠዋት በሳተላይት ስልክ አሳውቃለች። «ካያኩ ውስጥ ነው። የዓባይ መገናኛው ላይ ጠብቁት።»

«ለምን ለእኔ?» አለችው።

«ከገደሉ ላይ መነጽር ሲያብለጨልጭ አይቻለሁ። የሚፈትሹት እኔን ነው።» ሳቅ አለ። «ደግሞ ትናንት ረዳቴ ውበቱ ያረዳትን ፍየል አልቀመስሽም። የኔን ሽሮ ነው የተሻማሽኝ። መስቀል አስረሽ የእስላም ሆድ! ለምን እንደሆነ አልጠይቅሽም። የኛ ሰው ነሽ፤ ይበቃኛል።»

«ምንድን ነው?»

«የአባቴ ቁርኣን። አንድ የመንግሥት ሰው ለምዝገባ ነው ብሎ፣ ማኅተም አሳይቶ ወሰደው። ሊሸጠው ሲል ከመኪናው መነተፍኩት። በመንገዱ ኬላ አለ፤ በወንዙ የለም።»

«ምን ዓይነት ሰው?»

«ሸበቶ። የቀኝ ሌባ ጣቱ የተቆረጠ።»

መቅዘፊያዋ እጇ ላይ ቆመ።

ያን እጅ ስምንት ዓመት ጨብጣዋለች። አለቃዋ ነው። «አጎት»።

«ሙእሚን፣ ወደ ዳር ውጣ። ታች እየጠበቁህ ነው።»

«ማን ነገራቸው?»

የሽንኩርት ጆንያውን ቦርሳው ላይ ጎተተችው።

ፊቷን አየው። ከዚያ ሌላ ባዶ ቦርሳ አውጥቶ ካያኩ አናት ላይ አሰረ።

«እኔ ብወጣ አንቺ ጋ ይመጣሉ። መካነ ሰላም የአባቴን የሼህ አብዱሰላምን ቤት ብትይ ማንም ያሳይሻል። ነገ ጁምዓ ነው፤ ሕዝብ ፊት ይከፈት። ከዚያ ወዲያ በወረቀት የሚወስደው የለም።»

«ሙእሚን፣ እኔ ነኝ የ…»

«ገብቶኛል። ቅዘፊ።»

ወደ ግራ፣ አረፋ ወደሚደፍቀው ውሃ ገባ።

አንድ ጥይት።

ካያኩ ተገልብጦ ብቅ አለ። ብቻውን፤ አናቱ ላይ የታሰረው ቦርሳም የለም።

ጎብኚዎቹ ጮኹ። እሷ አልጮኸችም።

የዓባይ መገናኛው ዳር ላይ አጎት እጇን ይዞ ከታንኳዋ አወረዳት።

«ቦርሳውስ?»

«ከእሱ ጋር ነበር። ውሃው ወሰደው።»

ወንዙን ረገመ። እሷን ግን አመናት። ዋሽታው አታውቅም።

በማግስቱ ሼህ አብዱሰላም ቁርኣኑን ስመው ግንባራቸው ላይ አሳረፉት። ለጁምዓ የመጣው ሰው ግቢውን ሞልቷል። ሽማግሌው ከትከሻዋ ኋላ፣ ወደ በሩ አዩ።

«አላህ ይስጥሽ ልጄ። ሙእሚንስ፣ ወደ ኋላ ቀረ?»

ነገረቻቸው። ማን እንደጠቆመበትም አልደበቀችም።

«ኢና ሊላሂ…» አሉ ሼሁ። ጣቶቻቸው የቁርኣኑን ቆዳ ሲዳብሱ ቆዩ።

«በይ ሂጂ፣ ልጄ» አሏት በመጨረሻ። «ወንድሞቹ ሳይሰሙ ሂጂ።»

ስልኩን ገደል ጥላ ደሴ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገባች። አጠገቧ የተቀመጡት እናት ቅርጫታቸውን ሰብስበው ቦታ ለቀቁላት።

«ዘመድ ጥየቃ መጥተሽ ነው?»

«አዎ፣ እናቴ።»

«ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው።»